«ዜሮ ዕውቀት» ወይስ ዕውቀት የማያሻግር?
ስለ አንድ የምስጠራ ጥናት ስያሜ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

አንድ የውጭ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው፣ በመነሻው ቋንቋ የያዘውን ፍሬ ነገር ሳያጎድል ማምጣቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በመድረሻው ቋንቋ ሰሚውን ወደ ሌላ ነገር አለመምራቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ዚሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ» ተብሎ የሚታወቀውን የምስጠራ ጥናት ጽንሰ ሐሳብ ቃል በቃል በመመለስ የሚገኙት «ዜሮ ዕውቀት ማስረጃ» እና «ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ» የሚሉት ስያሜዎች ሁለቱንም ፈተና አያልፉም ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የእምነታችንን ምክንያት እናቀርባለን፤ በመጨረሻም በምትካቸው ይሆናሉ የምንላቸውን ስያሜዎች ለአንባብያን ፍርድ እንተዋለን።

ጉዳዩ የጥቂት ሒሳብ ዐዋቂዎች ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ብዙ ጉዳት ባላመጣ ነበር። ነገር ግን በሀገራችን የኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ቀጥሎም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጡ ወዲህ፣ «ራስን ሳይገልጡ ማረጋገጥ» የሚለው አሳብ የሕግ ተርጓሚዎችና የመመሪያ ጸሐፊዎች ደጃፍ ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ በመመሪያ የሰፈረ የተሳሳተ ስያሜ ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ለመታረም አስቸጋሪ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ

ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ በ1985 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት የጠየቁት ጥያቄ የሚከተለው ነበር፦ አንድ ሰው የአንድን አባባል እውነትነት ለሌላው ሲያረጋግጥ፣ ከእውነትነቱ ሌላ ምን ያህል ዕውቀት አብሮ አሳልፎ ይሰጣል? መልሳቸው፣ ለአንዳንድ አባባሎች ምንም ሳይሰጥ ማረጋገጥ ይቻላል የሚል ነበር። በዓመቱ ኦዴድ ጎልድራይክ፣ ሚካሊና አቪ ዊግደርሰን የምስጠራ መሠረት የሆኑ አንዳንድ ግምቶች እውነት ከሆኑ፣ መፍትሔያቸው በእጅ ከተገኘ በቀላሉ ሊመረመር ለሚችል የችግር ክፍል በሙሉ ይህ ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚገኝ አሳዩ። ጎልድዋሰርና ሚካሊ የ2012 እ.ኤ.አ.ን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ ይህ ሥራ ከተጠቀሱላቸው አስተዋጽኦዎች አንዱ ነበር።

ፍሬ ነገሩን ከሒሳብ ቋንቋ አውጥቶ ለማሳየት ምሳሌ እንውሰድ። የዋግ ደጋ በነጭ ማሩ የታወቀ ነው። በሰቆጣ ገበያ አንዲት ማር ሻጭ ሁለት አንድ ዓይነት ብልቃጥ ይዛ፣ አንዱ የሰቆጣ ሌላው ከሌላ አገር የመጣ ነጭ ማር ነው፤ እኔ ለይቼ ዐውቃቸዋለሁ ትላለች እንበል። ለገዢው ግን በመልክም በጣዕምም አንድ ናቸው። ሻጭዋ በምን እንደምትለያቸው ልትነግረው አትፈልግም፤ የሙያዋ ምስጢር ነውና። የትኛው የሰቆጣ እንደሆነም ገና አልነገረችውም። ገዢው ሁለቱን ብልቃጦች ከጋቢው ሥር ያስገባና ወይ ያቀያይራቸዋል ወይ እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ ከዚያም አውጥቶ «ተቀያይረዋል ወይስ አልተቀያየሩም?» ብሎ ይጠይቃታል። እርስዋም ቀምሳ ትመልሳለች። የምትገምት ብትሆን በአንድ ዙር ከሁለት አንድ ዕድል አላት። በ10 ዙር ሁሉንም በግምት የማግኘት ዕድልዋ ከ1,024 አንድ፣ በ20 ዙር ደግሞ ከ1,048,576 አንድ ይሆናል።

ከዚህ ምልልስ በኋላ ገዢው ምን ዐወቀ? ሻጭዋ ሁለቱን መለየት እንደምትችል አመነ። በምን እንደምትለያቸው ግን አላወቀም፤ የትኛው የሰቆጣ እንደሆነም አላወቀም። በየዙሩ የሰማው መልስ ራሱ ከጋቢው ሥር ያደረገውን መልሶ የሚነግረው ብቻ ነበር። እንዲያውም የጥያቄና የመልሱን ዝርዝር በወረቀት ቢጽፈው፣ ያንኑ የመሰለ ዝርዝር ማሩንም ሻጭዋንም ሳያይ ቤቱ ተቀምጦ ሊጽፍ ይችል ነበር። የጽንሰ ሐሳቡ ትርጓሜ ያረፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፦ መርማሪው ብቻውን ሆኖ ሊያዘጋጀው ከሚችለው የተለየ ነገር ካልተቀበለ፣ ዕውቀት አልተሻገረለትም ይባላል። ከዚህም የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ያ ወረቀት ለሦስተኛ ሰው ቢታይ አያሳምንም። ያመነው በምልልሱ ላይ የነበረው ብቻ ነው።

አሁን ስያሜውን በየክፍሉ እንመርምር።

ስለ «ማስረጃ»

«ማስረጃ» ከ«አስረዳ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ ሰው ነገሩን እንዲረዳ የሚያደርግ፣ የሚያስረዳ ማለት ነው። የሐዘን ዜና የሚሰማበት «መርዶ» ከዚሁ የቃል ቤተሰብ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሥሩ ያልታወቀን ነገር ለሰሚው ማድረስ የሚል ትርጉም በውስጡ እንደያዘ ይታያል። ስለዚህ በቃሉ አፈጣጠር ብንሄድ ማስረጃ ዕውቀት የሚያደርስ ነገር ነው። ዕውቀት አለማድረሱ መለያው የሆነውን ነገር ማስረጃ ብሎ መጥራት ስምን ከባለቤቱ ጋር ማጣላት ይሆናል።

ቃሉ ዛሬ ከሥሩ ርቋል፣ ማንም ሰው ሥር እየመረመረ አይናገርም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እንቀበለው፤ ግን አሁን ባለው አገልግሎቱም ቢሆን አይስማማም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ ከዚያ ወዲህ በወጡ ሕጎች ማስረጃ ማለት ተከራካሪው ለዳኛ የሚያቀርበው፣ ዳኛውም ለይግባኝ ሰሚው የሚያስተላልፈው ነገር ነው። ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ኀይሉ አይቀንስም። በማሩ ምሳሌ የታየው ወረቀት ግን ከገዢው እጅ ሲወጣ ኀይሉን ያጣል። የሕግ ተርጓሚ «ማስረጃ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከዚህ ቃል ጋር የሚከተሉትን የማቅረብ፣ የመቃወምና የማስተላለፍ ደንቦች ሁሉ ሳያስብ አብሮ ያስገባቸዋል። ፊያትና ሻሚር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳዩት መንገድ ምልልሱን አስቀርቶ ለማንም ሊታይ የሚችል ጽሑፍ ማዘጋጀት እንደሚቻል አንዘነጋም። ይሁን እንጂ ስያሜው ለሁለቱም ዓይነት የሚሆን መሆን ይገባዋል፤ ማስረጃ የሚለው ቃል ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያስታውስ።

ሌላም ችግር አለ። «የትምህርት ማስረጃ» የሚለው ጥምረት በአማርኛ የጸና ስለሆነ «ዜሮ ዕውቀት ማስረጃ» ሲባል ሰሚው ምንም ያልተማረ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ይመስለዋል። ይህ ለቀልድ የተነሣ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሚኒስቴርና ኢንፑት አውትፑት የተባለው ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን መዝገብ ለመያዝ መስማማታቸው ሲነገር፣ ሁለቱ ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ሊገናኙ የሚችሉበት መንገድ ተከፍቷል። አንድ የሰቆጣ ተማሪ ውጤቱን ሳያሳይ ከተወሰነው ነጥብ በላይ ማግኘቱን ብቻ ማረጋገጥ ቢፈልግ፣ «ስለ ትምህርት ማስረጃው የዜሮ ዕውቀት ማስረጃ አቀረበ» ይባል ዘንድ ነው? እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሠራተኛ ልጁን ቢመልሰው የሚፈረድበት አይመስለንም።

«ማረጋገጫ» ግን ከዚህ ነጻ ነው። በቅርጹ ከ«ረገጠ» ጋር ይዛመዳል፤ አፈሩ እንዲጠብቅ መሬትን ደጋግሞ እንደመርገጥ፣ አባባሉ እንዳይነቃነቅ ማድረግን ያመለክታል። እንዲጸና ያደርጋል እንጂ እንዲታወቅ ያደርጋል አይልም። መደጋገምን ማሰማቱም ዙር እየጨመሩ ጥርጣሬን ከማሳነስ ጋር መልካም ይገጥማል። ስለዚህ ዋናው ስም «ማረጋገጫ» መሆን አለበት እንላለን።

ስለ «ዜሮ»፣ ስለ «አልቦ»ና ስለ «አልባ»

«ዜሮ» በአማርኛ የቁጥር ስም ነው፤ ከፈተና ውጤት ጋር ሲያያዝ ደግሞ ነቀፌታ ነው። ከ«ዕውቀት» ፊት ሲቆም ሰሚው የሚያስበው የሰውን አለማወቅ ነው። የግእዙ «አልቦ» ክብደት ቢጨምርለትም ችግሩን አይፈታውም፤ «አልቦ ዕውቀት ማረጋገጫ» ዕውቀት እንደሌለ የሚረጋገጥበት ሊመስል ይችላል። «ዕውቀት አልባ» ከሁሉም ይከፋል፤ «ሥርዓት አልባ» እንደምንለው ሁሉ የባለቤቱን ጉድለት መናገር ነው። በዚህ ማረጋገጫ ግን ዐዋቂ አለ። ምስጢሩን የያዘው ሰው በእርግጥ ያውቃል፤ ያ ዕውቀት ወደ ሌላው ወገን አለመሄዱ ነው ቁም ነገሩ። የእንግሊዝኛው ስያሜ «ዜሮ» ሲል የተሻገረውን መጠን ይለካል፤ የአማርኛው ቅጂ ግን ያለውን መጠን የሚለካ ይመስላል። ጉድለቱ የመነጨው እንግሊዝኛው በዝምታ ያለፈውን ግስ አማርኛው እንዲናገረው ባለመደረጉ ነው።

ስለ «ዕውቀት»

አንዳንዶች «ዕውቀት» የሚለው ቃል ስለከበደ «መረጃ» ይሻላል ሊሉ ይችላሉ። በዚህ አንስማማም። በምልልሱ ውስጥ የሚላኩት መልእክቶች ምስጢሩን በተቆለፈ መልክ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ወሰን የሌለው የማስላት ኀይል ያለው ቢኖር ቁልፉን ሰብሮ ሊያወጣው ይችል ይሆናል፤ በሰው እጅ ባለ ኀይል ግን አይወጣም። ስለዚህ መረጃው በመልእክቱ ውስጥ እያለ ዕውቀቱ ላይሻገር ይችላል። ጥናቱ ከቀድሞው የመረጃ ቀመር የሚለይበት አንዱ ነጥብ ይህ ስለሆነ «ዕውቀት»ን መጣል ትርጉሙን መጣል ነው።

በተጨማሪ «ፕሩፍ ኦቭ ኖውሌጅ» የሚባል ሌላ ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ አንድ ሰው የይለፍ ቃልን የመሰለ ነገር በእርግጥ እንደሚያውቅ የሚያረጋግጥበት ነው። ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድነት ሲመጡ ቃል በቃል የሚመልስ ሰው «የዕውቀት ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ» ለማለት ይገደዳል። አማርኛችን ግን «ዕውቀት» እና «ማወቅ» የሚሉ ሁለት ቃላት ስላሉት ይህን ድርብርብ ሊለያየው ይችላል፤ አንዱን «ዕውቀት የማያሻግር»፣ ሌላውን «የማወቅ ማረጋገጫ» ብንል ነገሩ ይጠራል።

ስለ ሁለቱ ወገኖች

ተርጓሚን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሚያረጋግጠውና ለሚረጋገጥለት ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት። በአማርኛ ግን «አረጋገጠ» ሁለቱንም ይላል፤ ተማሪው ማንነቱን አረጋገጠ፣ መዝጋቢውም የተማሪውን ማንነት አረጋገጠ እንላለን። ስለዚህ «አረጋጋጭ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ማንን እንዳለ አይታወቅም፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለቱንም አረጋጋጭ ያለ እንደሆነ ደግሞ ጽሑፉ አይነበብም። «አስረግጦ ተናገረ» ከሚለው «አስረጋጭ»ን አውጥቶ ለመጀመሪያው ወገን መስጠት ይቻል ነበር፤ ሆኖም «አስረጋጭ»ና «አረጋጋጭ» በጆሮ እጅግ ስለሚቀራረቡ ስሕተት ይጋብዛሉ። እኛ የመጀመሪያውን «አቅራቢ»፣ ሁለተኛውን «መርማሪ» ማለትን እንመርጣለን። ሁለቱም በሸንጎ ልማድ የታወቁ ናቸው፤ የሥራ ድርሻቸውም አይደባለቅም።

ከጎረቤት ጽንሰ ሐሳቦች ስለ መለየት

ሀገርኛ ስያሜ ፍለጋ ወደ ጥንታዊ ሥርዓታችን የሚመለከት ሰው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ትዝ ሊለው ይችላል። በዚያ ሥርዓት ወንጀለኛውን ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ የሚጠቁምበት «ወፍ» የሚባል መንገድ ነበር። ዝምድናው ግን ላይ ላዩን ነው። ወፍ የተናጋሪውን ማንነት ይሰውራል እንጂ ቃሉ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጉባኤው የሚያምነው የተቀበለውን ዳኛ ነው። እንዲሁም አንድ ማዕከል የሁሉን መዝገብ ይዞ ለጠያቂ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ሲመልስ፣ ጠያቂው የሚያውቀው ጥቂት ቢሆንም ማዕከሉ ማን ስለ ማን እንደጠየቀ ያውቃል፤ እምነቱም በማዕከሉ ላይ የተጣለ ነው። ዕውቀት በማያሻግር ማረጋገጫ ግን መርማሪው የሚያምነው ራሱ ያደረገውን ምርመራ ነው። «ምስጢራዊ ማረጋገጫ» የሚለውን ስያሜ የማንቀበለው ስለዚህ ነው፤ እነዚህን ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ይከታቸዋልና።

«ኢ-ገላጭ ማረጋገጫ» የሚለውንም መዝነነዋል። አጭርነቱ ያማልላል። ይሁን እንጂ «ገላጭ» በሰዋስው ትምህርት ውስጥ ሥራ የያዘ ቃል ነው፤ ከዚህም በላይ ያልተገለጠው ምን እንደሆነ አይናገርም። የተቆለፈ ደብዳቤም ኢ-ገላጭ ነው።

ለምን ይህን ያህል?

በስያሜ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ዋግ ኽምራ ይመልከት። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በአካባቢው ተጠልለው ኖረዋል። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱንም ጥሎ ይወጣል። እርዳታ ለመቀበል የሚያስፈልገው አንድ አባባል ነው፦ ይህ ሰው በመዝገቡ ላይ ያለ ነው። እስከ ዛሬ ያየነው ልማድ ግን ይህን አንድ አባባል ለማረጋገጥ ስምን፣ የትውልድ ቀበሌን፣ የቤተሰብን ብዛት፣ አንዳንዴም ብሔርን ጭምር ማሳየትን ይጠይቃል። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ የብሔር ስም ይሰፍርበት እንደነበር፣ በጦርነት ጊዜም በኬላ ላይ ያ አንድ መስመር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ማስረዳት አያሻንም። የሚያስፈልገውን ብቻ አረጋግጦ ሌላውን ለባለቤቱ መተው የሚቻልበት የሒሳብ መንገድ አለ። ይህን መንገድ ለወረዳ ሠራተኛ የምናስረዳበት ቃል «ዜሮ ዕውቀት» ከሆነ፣ ሠራተኛው «ምንም የማያውቅ ወረቀት» ብሎ ቢገፋው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በተቃራኒው ማጋነንም እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ማረጋገጫ የመዝገቡን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የልደት ዘመኑ በግምት የተጻፈለት ሰው ከ18 ዓመት በላይ መሆኑን ቢያረጋግጥ፣ የተረጋገጠው የመዝገቡ ቃል እንጂ የሰውየው ዕድሜ አይደለም። በመዝገበ ቃላት ፍቺው ይህ ወሰን ሊሰፍር ይገባል።

ሌላው ምክንያት የኽምጣጛ ቋንቋ ነው። ኽምጣጛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ዴቪድ አፕልያርድም በ1987 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሕግና መመሪያ ለሕዝቡ ሲደርስ ወደ ኽምጣጛ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከአማርኛ ነው። እኛ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የቀዳነው ስሕተት ከአማርኛ ወደ ኽምጣጛ ቃል በቃል ሲቀዳ ስሕተቱ ሁለት ጊዜ ይወለዳል። ግሱን የያዘ ስያሜ ግን፣ ማን ምን እንደማያደርግ ስለሚናገር፣ ለሁለተኛው ተርጓሚ የሚጨብጠው ነገር ይሰጠዋል፤ «ዜሮ»ን ወደ ኽምጣጛ መመለስ ሳያስፈልገው «አሻገረ»ን በቋንቋው ወግ ይመልሰዋል።

የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ዕውቀት የማያሻግር ማረጋገጫ፦ አቅራቢው የአንድን አባባል እውነትነት ለመርማሪው የሚያረጋግጥበት፣ መርማሪውም ከአባባሉ እውነትነት በስተቀር ብቻውን ሊደርስበት የማይችለውን ዕውቀት የማያገኝበት ሥርዓት። ማረጋገጫው አባባሉ የተመሠረተበትን መዝገብ ትክክለኛነት አያካትትም።

አቅራቢ፦ አባባሉን አንሥቶ ለማረጋገጥ የሚነሣው ወገን።

መርማሪ፦ ጥያቄ እያቀረበ አባባሉን የሚፈትነው ወገን።

ምልልስ፦ በአቅራቢና በመርማሪ መካከል በዙር የሚደረግ የጥያቄና የመልስ ልውውጥ። ያለ ዙር በአንድ ጽሑፍ የሚቀርበው «ያለ ምልልስ የሚቀርብ» ይባላል።

የማወቅ ማረጋገጫ፦ አቅራቢው አንድን ምስጢር በእርግጥ እንደሚያውቅ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት።

ሙግት፦ የማስላት ዐቅሙ ውስን የሆነ አቅራቢ ብቻ ሊያታልል እንደማይችል የተረጋገጠበት፣ ከሙሉ ማረጋገጫ ዝቅ የሚል ሥርዓት። በእንግሊዝኛ «አርጊዩመንት» የሚባለውን ይተካል።

ዋናው ስያሜ ረዘመ የሚል ነቀፌታ እንደሚነሣ እንገምታለን። ሆኖም ሦስት ቃል ነው፤ «ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ»ም ሦስት ቃል ነው። «አሻገረ» የሚለውም ግስ ወንዝ ለሚሻገር ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ አንዱ ዳር የቆመው ዕቃውን ሳያሻግር ድምፁ ብቻ ወደ ማዶ መድረስ እንደሚችል ማንም ያውቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአማርኛ ያተረፈው ትልቁ ነገር ስያሜ ከጽንሰ ሐሳብ እንጂ ከባዕድ ቃል ቅርፊት መቀዳት እንደሌለበት ማስታወሱ ነው ብለን እናምናለን። እኛም ያቀረብነው በዚያ መንገድ ነው። በተለይ የሕግ ተርጓሚዎችና የኽምጣጛ ባለሙያዎች «አቅራቢ»ና «መርማሪ» የሚሉትን ስያሜዎች በሥራቸው ላይ ፈትነው የሚያዩትን ችግር ቢገልጡልን፣ ስያሜው በመመሪያ ከመጽናቱ በፊት ለማረም ጊዜ ይኖረናል።